ለጋሽ ሰይድ የሠራኋት ሣጥን

ጡረታ የወጣሁ ቀን ኮምቦልቻ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ብርድ ልብስና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ብርድ ልብሱስ ለደሴ ብርድ ነው፤ የሰዓቱ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። ሰው በሰዓት መግባትና መውጣቱን በተወ በማግስቱ ሰዓት ምን ይሠራለታል? ከስጦታው በኋላ «ንግግር! ንግግር!» ብለው አስነሡኝ። እኔም በሥራ ዘመኔ ያጠራቀምኩትን ቀልድ ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ባትሪን በምላሱ ስለሚለካው ቴክኒሻን፣ የማሽን ድምፅ እየሰማ እንቅልፍ ስለሚወስደው ዘበኛ አወራሁ። ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዱ ብድግ ብሎ «የቪዲዮ ሣጥኖቹንስ ነገር አታወሪንም?» አለኝ። «እሱን ሌላ ጊዜ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰው ፊት ላወራው እንደማልችል አውቃለሁ። ብጽፈው ግን ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ይኸው ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ሆጤ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት ወድጄ አልነበረም። የፈለግሁት ነርስነት ነበር፤ ቦታው ሞልቷል ተብሎ ወደ ሬዲዮ ጥገና ክፍል ላኩኝ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ለመድኩት፤ ከዚያ ወደድኩት። ሰርተፊኬቴን ይዤ ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር የመሣሪያ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። ወረቀቴን ገና ሳያነቡ ስሜን ጠየቁኝ። «ጥሩወርቅ» አልኳቸው። «እንግዲህ መጀመሪያ ጥሩ ሁኚ፤ ወርቁ ይደርሳል» አሉኝ።

ሥራን የተማርኩት እሳቸውን እያየሁ ነው። ኃይል ያለበት ፓነል ፊት ሲቆሙ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደርጉ ነበር፤ በሁለት እጁ የነካ ሰው ኤሌክትሪኩ በልቡ በኩል ያልፋልና። ማብሪያውን ከመጫናቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይሉና ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ ያስጠጋሉ። ማሽን ከመቃጠሉ በፊት ድምፁ ይለወጣል ባይ ነበሩ። የተጠገነ ዕቃ አንዴ ስለሠራ ብቻ አያምኑትም። ያጠፉታል፣ ስፒናውን ይነቅላሉ፣ መልሰው ይሰካሉ፣ እንደገና ያበራሉ። «አንዴ ስትጠይቂው በይሉኝታም ሊመልስልሽ ይችላል። ሁለቴ ጠይቂው» ይሉኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም። የተሳሳትኩትን ነገር በራሴ አፍ እንድናገር ያደርጉኛል፤ ይህ ከቁጣ ይብስ ነበር። «ጥፋቱን የደበቀ ባለሙያ ጥፋቱን ለሚቀጥለው ሰው አወረሰው» ይላሉ።

ከልማዳቸው ሁሉ የታወቀው ግን ቀዩ ነጥብ ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ ቴክኒሻን የሽመና ማሽን መቆጣጠሪያ ካርድ ገልብጦ ሰክቶ አቃጠለው። መለዋወጫው እስኪመጣ ማሽኖቹ ቆሙ፤ ሠራተኞቹ ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጋሽ ሰይድ ሰውየውን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩትም አሉ። ደሴ ሰኞ ገበያ ወጥተው ቀይ የጥፍር ቀለም ገዝተው መጡና በክፍሉ ያለውን ካርድ፣ ስፒናና ኬብል ሁሉ ላይኛውን ወገን በነጥብ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ወዲያ ሕጉ አንድ ሆነ፤ ነጥቡ ወደ ላይ። ባለቤታቸው ዘይነብ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ለእኔ አንድ ቀን የጥፍር ቀለም ገዝቶልኝ የማያውቅ ሰው ለማሽኖቹ ይገዛል» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ሕጉ ግን ሠራ። በእሳቸው ክፍል ዳግመኛ ተገልብጦ የተቃጠለ ካርድ አልነበረም። እኔም ከፋብሪካው ስወጣ ከመሣሪያዎቼ ጋር አንድ ብልቃጥ የጥፍር ቀለም ይዤ ወጣሁ።

ቀጥሎ ደሴ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመለኪያ ቤተ ሙከራ አስተማርኩ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፤ ወረቀቱ ግን በጣም ከፍ አለ። የተቃጠለ ፊውዝ ለማስቀየር ሦስት ፊርማ የሚጠይቁ ዲን ነበሩን። አንድ ጊዜ ሦስተኛው ፊርማ ቢዘገይብኝ ራሴ ቀየርኩትና «መብራቱ ያለ ፈቃድ በርቷል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። እንደዚህም ሆኖ እነዚያን ዓመታት እወዳቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ ነጥብ አድራጊ ሆነው ወጡ። ከእነሱ አንዱ ከማል ነበር፤ እጁ የረጋ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። ኋላ የሥራ ሸሪኬ ሆነ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በየተቋሙ የቀረው ባዶ ግድግዳ ነበር። ከማልና እኔ ኮምቦልቻ ላይ ጠባብ ወርክሾፕ ከፍተን የተረፈውን መጠገን ያዝን። በዚያ መካከል አንድ የሥልጠና ማዕከል ታብሌቶች በእርዳታ አገኘ። ትምህርቱ ሁሉ ታብሌቱ ውስጥ አለ፤ ለክፍል የሚያሳይበት ፕሮጀክተር ግን የለም። ያሉት ከየቦታው የተሰበሰቡ ቴሌቪዥኖች ናቸው። ታብሌትን ከቴሌቪዥን የሚያገናኙ ትናንሽ ዕቃዎች በገበያ ላይ አሉ። ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይቃጠላሉ፤ ሲቃጠሉም የሚከፈት ነገር ስለሌላቸው ይጣላሉ። «የሚጠገን እንሥራላችሁ» አልናቸው። አርባ ሣጥን አዘዙን። ሥዕሉን የምነድፈው እኔ፣ የምንበይደው እኔና ከማል ሆንን።

ታይፕ ሲ የሚባለውን የስልክ መሰኪያ ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል። በየትኛውም ወገን ቢሰኩት ይገባል፤ ለተጠቃሚው እፎይታ ነው። ለሠሪው ግን መከራ ነው። ያቺ ጠባብ አፍ ሃያ አራት እግሮች አሏት፤ አሥራ ሁለት ከላይ፣ አሥራ ሁለት ከታች። ኬብሉ ሲገለበጥ የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ ይሆናል። ሣጥኗ ኬብሉ በየት በኩል እንደተሰካ ከእግሮቹ በአንዱ ለይታ ማወቅ፣ ከዚያም በውስጧ ባለች ማዘዋወሪያ ቺፕ መስመሮቹን ወደየቦታቸው መመለስ አለባት። ምስሉ የሚመጣው ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው ስልት ነው፤ የሚሸከሙትም ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠመሩ የመዳብ መስመሮች ናቸው። ፍጥነታቸው ለጉድ ነው። ጥንዶቹ እንደ ጥማድ በሬ እኩል መሄድ አለባቸው፤ አንዷ ትንሽ ከረዘመች ምስሉ ይቆራረጣል። እነዚያን መስመሮች ሦስት ወር ሣልኳቸው። ሹል ማዕዘን እንዳይኖራቸው፣ ከሥራቸው የተነጠፈው መዳብ የትም እንዳይቋረጥ፣ አንዱ ጥንድ ሌላውን እንዳይጠጋ ስጠነቀቅ መነጽሬ ሁለት ጊዜ ተቀየረ።

ከፈጣኖቹ ሌላ ሁለት ዝግ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ምስል አይሸከሙም። ስልኩና ማሳያው ምስል ከመጀመራቸው በፊት በእነሱ ላይ ሰላም ይባባላሉ፤ «አለህ ወይ? ስፋትህ ምን ያህል ነው?» ይጠያየቃሉ። ያ ሰላምታ ካልተሟላ ምስል የለም። ኬብሉ ሲገለበጥ እነዚህ ሁለቱም ይገለበጣሉና እነሱንም ማዘዋወር ያስፈልጋል። እኔ ፈጣኖቹን በሙሉ አዘዋውሬ ሁለቱን ዝግተኞች ቀጥታ ሰደድኳቸው። ለከባዱ ስጠነቀቅ ቀላሉ አመለጠኝ።

የመጀመሪያዋን ሣጥን በይደን ስንጨርስ ከማል ኬብሉን ሰካ። ምስሉ ልቅም ብሎ መጣ። አጠፋን፣ ነቀልን፣ መልሰን ሰካን፤ እንደገና መጣ። ሁለቴ ጠየቅናት፤ ሁለቴ መለሰችልን። ግን ሁለቱንም ጊዜ ቀዩ ነጥብ ወደ ላይ ነበር። እጃችን ሌላ አያውቅም። በሁለት ወገን እንዲሰካ ተብሎ የተፈጠረን መሰኪያ፣ የሠራንበትን ምክንያት ረስተን፣ በአንድ ወገን ብቻ ፈትሸን «ደህና ነች» ብለን ፈረምን።

ጋሽ ሰይድ በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ጀርባ በአንዲት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዘይነብ ሞታለች። አንዲት ልጃቸው ሩቅያ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አልተመለሰችም። ምግባቸውን የምታቀርብላቸው፣ ልብሳቸውን የምታጥብላቸው ጎረቤታቸው ከድጃ ናት። ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው መድከሙን አየሁ። በድምፄ ነው የለዩኝ።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ሰይድ?»

«አልሃምዱሊላህ። እኔስ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ።»

የዓይን ግፊት ነው ብሏቸዋል ሐኪሙ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውም ብርሃን ከጥቂት ወር አታልፍም ተብለዋል። ይህን ሲነግሩኝ የሰው ወሬ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ጥሩዬ፣ ከአላህ አንድ ነገር ነው የምለምነው። ይህ ዓይን ሳይዘጋ የሩቅያን ፊት ልይ።»

ሩቅያ በየጁምዓው፣ ከሶላት በኋላ፣ በከድጃ ስልክ በቪዲዮ ትደውላለች። የተፈቀደላት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ለእሳቸው ግን የስልኩ መስታወት የተጫረ ክብሪት ያህል ነው፤ ብርሃን እንጂ ፊት አይታያቸውም። «ፎቶዋን በትልቁ አሳትሜ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፎቶማ የሞተም ሰው አለው። ስናገራት ፊቷ ሲመልስልኝ ነው ማየት የምሻው» አሉ። ትልቅ ማሳያ ቢሆን፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ሊያዩ እንደሚችሉ ተነጋገርን። «እንግዲያው የመጀመሪያዋ ሣጥን የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

ወርክሾፕ ስመለስ ለከማል ነገርኩት። «የእኛዋ ገና በሰው ቤት ሠርታ አልተፈተነችም» አለኝ። «ለእሳቸው ለጊዜው አንዱን ማገናኛ ከአዲስ አበባ ላስልክላቸው፤ በሁለት ቀን ይደርሳል።»

ተቆጣሁ። «በወር የሚሞት ዕቃ ለጋሽ ሰይድ? እኔ እያለሁ?» አልኩት።

ከማል ወደ ብየዳው ተመለሰ። ዝም ባይል ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ያሳደግሁት ተማሪዬ ነው፣ እንዴት ይከራከረኝ?

አንድ ረቡዕ ቴሌቪዥን አሸክሜ፣ ሣጥኗን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ፣ የከድጃን ስልክ ሰክቼ፣ ካሜራውን ወደ ራሴ ፊት አዞርኩት። ማሳያው በራ። ጋሽ ሰይድ ወንበራቸውን ስበው እስኪነኩት ድረስ ተጠጉና አዩ። ከዚያ ጮክ ብለው «ጥሩዬ! ምነው እንዲህ ሸበትሽ?» አሉ። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከድጃ እልል አለች። ሣጥኗ አየር እንድትስብ ቀዳዳዎቿን ከሥር በሆዷ በኩል እንዳበጀሁላት፣ አቧራ እንዳይገባባት ብዬ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ለከድጃ አሰካኩን አሳየኋት፤ ነጥቡ ወደ ላይ። ጋሽ ሰይድም የራሳቸውን ሕግ ጨመሩ፤ ከሥራ በኋላ ሁሉም ተነቅሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው።

ጁምዓ ከሰዓት ኮምቦልቻ ሥራ ላይ እያለሁ ከድጃ በሰው ስልክ ደወለች።

«ጥሩወርቅ፣ ጨለማ ነው።»

«ነጥቡ ወደ ላይ ነው?»

«ወደ ላይ ነው፣ ወላሂ!»

«ነቅለሽ መልሰሽ ስኪው።»

«ሰካሁት። ጨለማ ነው።»

ከኋላዋ የሩቅያ ድምፅ ይሰማል። «አባዬ፣ አየኸኝ?» ትላለች። ጋሽ ሰይድ ይመልሳሉ፤ «ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ እየሠሩት ነው።» የተፈቀደላት ሰዓት እስኪያልቅ እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ።

በማግስቱ ሄጄ ሰካሁት። ሠራ። የመብራቱ መዋዠቅ ነው ብዬ ማረጋጊያ ጨመርኩለት። በሁለተኛው ጁምዓ ጨለማ ሆነ። ኬብሉ ነው ብዬ ለወጥኩት፤ አዲሱንም ነጥብ አደረግሁበት። እኔ ስሰካው ሠራ። በሦስተኛው ጁምዓ ጨለማ ሆነ። መሰኪያዋን አንሥቼ ሃያ አራቱን እግር በአጉሊ መነጽር እያየሁ እንደገና በየድኳቸው። ሠራ። በአራተኛው ጁምዓ ጨለማ። ወደ ኮምቦልቻ አምጥቼ የፈጣኖቹን መስመሮች ርዝመት አንድ በአንድ ሳሰላ ሰነበትኩ። ሌት ተቀን የደከምኩባቸው እነሱ ስለሆኑ ጥፋቱም እነሱ ጋ መስሎኝ ነበር። ሣጥኗን በሰው እጅ መልሼ ላክኋት፤ አምስተኛውም እንደዚያው በጨለማ አለፈ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሮ አንዱን ጁምዓ እዚያው ተቀምጦ ማየት ነበር። አላደረግሁትም። ጁምዓ ጁምዓ የማዕከሉን ሣጥኖች የምናስረክብበት ቀን ነው እል ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን ዋናው ምክንያት ኩራቴ ነው። ሥራዬ እሳቸው ፊት ሲያሳፍረኝ ቁጭ ብዬ ማየት አልፈለግሁም።

በስድስተኛው ጁምዓ ከማል «ዛሬ ርክክቡን እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ ደሴ ውጪ» ብሎ በግድ አሳፈረኝ። ደርሼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና ለከድጃ «እኔ የለሁም በዪ፤ እንደ ወትሮሽ አድርጊው» አልኳት። ከድጃ እጇን ታጠበች። ሣጥኗን ከጨርቁ ፈታቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ፣ ሆዷን ወደ ጣሪያ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«ምነው ገለበጥሻት?»

«እንድትተነፍስ ነዋ! ያን ዕለት ስነካት ሞቃለች። ቀዳዳዋ ከታች ከሆነ እንዴት አየር ታገኛለች?»

ከዚያ ኬብሉን አነሣች፤ ነጥቡን ወደ ላይ አደረገች፤ «ቢስሚላህ» ብላ ሰካች። ማሳያው ጨለማ ሆነ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ሣጥኗ ተገልብጣለች፤ ነጥቡ ግን እንደታዘዘው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ኬብሉ በሌላው ወገን ገብቷል። እኛ አርባውንም ስንፈትሽ አንድም ጊዜ ያልሞከርነው ወገን ማለት ነው። ሁለቱ ዝግተኛ መስመሮች ታዩኝ። ቀጥታ የሰደድኳቸው። ከድጃ ምንም አላጠፋችም፤ ያልኳትን ከእኔ በላይ ጠብቃለች።

ስልኩ ጠራ። ሩቅያ ነበረች። ኬብሉን ነቅዬ፣ ነጥቡን ወደ ታች አድርጌ ሰካሁት። ማሳያው ብልጭ አለ፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር በአንዲት ሴት ፊት ሞላ። ሰማያዊ ሻሽ አስራለች። ጉንጯ ላይ እናቷ ዘይነብ የነበራት ዓይነት ምልክት አለ።

«መጣች!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ሰይድ፣ መጣች!»

ጋሽ ሰይድ ወንበራቸውን ስበው ተጠጉ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ፣ ቆባቸው ላይ ወደቀ። እጃቸውን ዘርግተው የማሳያውን ጠርዝ ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ሩቅያ በማትሰማው ድምፅ፣ «የቱ ጋ ናት?» አሉኝ።

ከድጃን አየኋት። የሻሿን ጫፍ በአፏ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞራለች።

«አባዬ፣ አየኸኝ?» አለች ሩቅያ።

«አየሁሽ ልጄ። ማሻአላህ! አየሁሽ።»

እጃቸውን ይዤ ማሳያው ላይ፣ ጉንጯ ላይ አኖርኩላቸው። ሰዓቷ እስኪያልቅ ከዚያ አላነሡትም።

ስልኩ ሲዘጋ ከድጃ አለቀሰች። ለጋሽ ሰይድ የቀረቻቸው ብርሃን ከአራተኛው ጁምዓ በኋላ፣ በሳምንቱ መካከል ነው የጠፋችው። «ለጥሩዬ እንዳትነግሪያት፤ ሥራ ላይ ናት፤ ልቧ ይሰበራል ብለው አስምለውኝ ነው» አለችኝ። እኔ ኮምቦልቻ ተቀምጬ የመስመር ርዝመት ስለካ እሳቸው ጨለማ ውስጥ ሆነው ለእኔ ልብ ይጨነቁ ነበር።

«ጥፋቱ ምን ነበር?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። አነጋገራቸው ልክ ፋብሪካው ውስጥ እንደነበረው ነው፤ በራሴ አፍ እንድናገረው። ተናገርኩ። ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ሣጥኗ ሆድ። ከማል ከአዲስ አበባ ላስልክ ብሎኝ መቆጣቴንም አልደበቅኋቸውም። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ያ የሱቁ ያሳየኝ ነበር?»

«ያሳይዎት ነበር።»

 ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያሰሉት ነገር ያለ ይመስላል።

«እኔም ብሆን አልገዛውም ነበር» አሉ። «አብሽሪ ጥሩዬ። ይልቅ ሂጂና ለሰዎቹ የሰጠሻቸውን አስተካክይ፤ ሌላም ሰው ጨለማ ፊት እንዳይቀመጥ።»

አርባውንም ሣጥን መልሰን ሰበሰብን። በእያንዳንዷ ውስጥ ሁለቱን መስመሮች በምላጭ ቆርጠን፣ አንዲት ትንሽ ማዘዋወሪያ ቺፕ አስገብተን፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ አገናኘናቸው። ለማዕከሉም ጥፋቱ ከንድፉ መሆኑን፣ የነደፍኩትም እኔ መሆኔን በጽሑፍ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ «እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ፤ ማመስገናቸው ነበር፤ እኔ ግን ደስታ አልተሰማኝም። ዛሬ ሣጥኖቹ በየክፍሉ ይሠራሉ። ባልደረቦቼ «ትልቁ ሥራሽ» የሚሏቸው እነሱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ደሴ እወጣ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ የሩቅያን ፊት እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ደክሟታል፣ ዛሬ ስቃለች፣ ዛሬ ሻሿን ለውጣለች። እሳቸውም ተቀብለው «ደክሞሻል ልጄ» ይሏታል፤ «ቢጫ ያምርብሻል» ይሏታል። በክረምቱ ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩ። ሩቅያ ለቀብራቸው አልደረሰችም፤ አልለቀቋትም።

የመጣችው ከወራት በኋላ ነው። ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ «እትዬ ጥሩወርቅ እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ ከመልኳ በፊት ድምፅዋን አወቅሁት። ከማል ወንበር ሰጣትና ወጣ። የመቃብሩን ቦታ ከድጃ እንዳሳየቻት፣ ወደ ቢስቲማ ወደ እናቷ ዘመዶች ልትሄድ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«መጀመሪያ የበራ ቀን አብረውት ነበሩ አሉኝ። ሲያየኝ ምን አለ?»

«ማሻአላህ አሉ። አምሮባታል አሉ» አልኳት። በሥራ ዘመኔ ያልለካሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ዓይኑ ሌላ ጋ ነበር» አለች። «እኔ እኮ አየው ነበር። ወደ ድምፄ ነበር የሚዞረው። አየሁሽ ሲለኝ ደስ ብሎት ነበርና፣ እኔም እንዳየኝ ሆንኩለት።»

ከዚያ በኋላ ምን ልደብቃት? ሁሉንም ነገርኳት። አልቆጣችም፤ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጨለማ ከነበሩት ጁምዓዎች በስንቱ ዓይኑ ነበረ?»

«በአራቱ።»

«በአራቱም ወጥ ቤቱን ዘግቼ፣ ታጥቤ፣ ኩል ተኩዬ ነበር የጠበቅሁት» አለች። «ከዚያ በኋላ አይሠራም ብዬ ተውኩት።»